ቅዳሜ የሚቀልለው ብረት

ቅዳሜ፣ የካቲት 3/2004፣ ረፋድ 4 ሰዓት

ስምንት መቶ አሥር ግራም። ሦስቴ መዘንኩት። የፔዳሉ ክንድ ከነጥርሱ፣ እህቴ ዘሃራ ከጅዳ የላከችው። ካርቶኑ ላይ ግን 950 ይላል። ደብተሬ፣ እስቲ አንተ ንገረኝ። ዕቃው ቀላል ሆኖ ሳለ ከባድ ነው ብሎ በራሱ ላይ የሚዋሽ ፋብሪካ የት አለ?

የመዘንኩት አባባ ሱቅ ነው፣ በገበያተኛ መሀል። አባባ ምስርና አብሽ ከገበሬ ይገዛሉ፤ ቅዳሜ ሱቁ እግር መጣያ የለውም። ሚዛኑን ለአምስት ደቂቃ ለምኜ ነው። የአንድ ኪሎውን ብረት ወዲያኛው ሰሃን፣ ክንዱን ወዲህ፣ የጎደለውን በትንንሾቹ ብረቶች መሙላት። ሴቶቹ ሳቁብኝ። የሳይክል ቅልጥም ኪሎው ስንት ነው አለችኝ አንዷ።

ዕቅዱን ልጻፈው፣ እኔም እየጠፋኝ ነው። ቴላዮው፣ የሳይክሉ አጽም፣ አሉሚኒየም ነው፣ መቀሌ ስማር ከአንድ ሳይክል ተወዳዳሪ የገዛሁት። የቀረውን እየለቃቀሙ የተራራ ሳይክል መገጣጠም። ከነሙሉ ዕቃው ከ11 ኪ.ግ በታች፣ በመምህር ደመወዝ። መጋቢት 2 እሑድ ከደሴ ኩታበር ውድድር አለ፣ ለዞኑ ቡድን የሚመረጥበት። 28 ዓመቴ ነው፤ ከርሞ ዞር ብሎ የሚያየኝ የለም። ያንን አቀበት አውቀዋለሁ። እዚያ ላይ መቶ ግራም መቶ ግራም አይደለም።

እትዬ ፋጡማ መጡ፣ የአንዱ ተማሪዬ እናት። ምስር ከታች መንደር ተሸክመው። ሰባት ኪሎ ሆነ። በቁናዬ ስሰፍረው ስምንት ኪሎ ነበር አሉ፣ ምስሬ መንገድ ላይ ይከሳል መሰለኝ ብለው ሳቁ። የፊዚክስ መምህርነቴ ተነሳብኝ። ቁና ልክ አይደለም፣ ሚዛን ግን አይዋሽም ብዬ አብራራሁላቸው። መረቁኝ።

ሰኞ፣ የካቲት 5፣ ከት/ቤት መልስ

ከሁለቱ ልመርጥ ሁለተኛውን ክንድ እዚያው አባባ ሱቅ መዘንኩ። ይሄኛው ከደሴ አሮጌ ዕቃ ተራ፣ በሩብ ዋጋ። 960። የጅዳው በ150 ግራም ይቀላል። ተወሰነ። ለካ ጥሩ ዕቃ ርካሽ አይሆንም።

ወደ ከማል ወሰድኳቸው። ከማል መናኸሪያው በር ላይ ሳይክል ይጠግናል፤ እሱ የሚያውቀው እህል የሚጫንበትን ከባዱን ብቻ ነው። አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ ያዘና የደሴው ይቀላል አለ። ሚዛኑ እንዲህ ብሏል አልኩት። እጄ ግን እንዲህ ይላል አለኝ። እጅ መሣሪያ አይደለም አልኩት። ክብደት መቀነስ ከፈለግህ ምሳህን ተው አለኝ።

የደሴውን ክንድ ለእሱ ሰጠሁት፣ ጎማዎቹን ለሚሠራበት የእጅ ዋጋ። ደስ አለው። እኔም ደስ አለኝ፣ አሞኘሁት ብዬ።

ሐሙስ፣ የካቲት 8

ዘሃራ ደወለች። የምትመጣው መንገደኛ ሦስት ኪሎ ብቻ እይዛለሁ ብላለች። ወይ ቸርኬዎቹ፣ ወይ የፊተኛው ሹካ። ሁለቱ አይገቡም። ምረጥ አለች፣ ነገ ሻንጣው ይዘጋል።

ኢንተርኔት ቤት ሄድኩ። አንድ ገጽ እስኪከፈት ግማሽ ክፍል ፈተና አረምኩ። አንዱ የሚሽከረከር ነገር ይቅለል ይላል። ሌላው ቀላል ቸርኬ ድንጋይ ላይ ይጣመማል ይላል። ሹካው በንፋስ ይሁን፣ በሞላ ይሁን፣ ድፍን ይሁን፤ የገባኝ የለም። ከመግባቴ በፊት የተሻለ አውቅ ነበር።

ቸርኬ አልኳት። ስልኩን ዘግቼ ሹካ ማለት ነበረብኝ አልኩ። ድፍኑን ከከማል እወስዳለሁ፤ እጅ ያደርቃል፣ ግን ቀላልም ርካሽም ነው።

ሰኞ፣ የካቲት 12፣ ት/ቤት ዝግ

ሁዳዴ ዛሬ ገባ። ሱቁ ምስር በሚገዙ ክርስቲያኖች ተሞልቷል። ግርግሩ ሲቀልል ገብቼ የጅዳውን ክንድ እንደገና መዘንኩ፣ ድምሩን ላጠራ።

1,010።

ያው ክንድ። ያው ሚዛን። የካቲት 3 ቅዳሜ 810 ነበር። በዘጠኝ ቀን ሁለት መቶ ግራም አበቀለ። ጠርጌ መዘንኩ፣ ያው ነው። አባባ ምን ሆነሃል አሉኝ። ምንም አልኩ። ውድድሩ ሦስት ሳምንት አልቀረውም፣ እኔ ገና ዕቃዬን አላውቅም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 13

ዛሬ ለዘጠነኛ ክፍል ያስተማርኩት የመለካት ስህተት ነበር። አይሳቅ።

ሙቀት? ብረት በሙቀት ይለጠጣል፣ ክብደቱ ግን አይጨምርም። ከፍታ? ከፍ ባሉ ቁጥር የመሬት ስበት ይቀንሳል፣ ግን እኔም ብረቱም ሱቁም ከመካነ ሰላም አልተንቀሳቀስንም። ደግሞም የሰሃን ሚዛን አንዱን ከአንዱ ስለሚያስተያይ ስበት ቢቀንስም ከሁለቱም ነው። ይህንንም ራሴ ነኝ የማስተምረው። የሚዛኑ ክንድ ተዛንፎ ይሆናል ብዬ ሰሃኖቹን አፈራረቅሁ። አልተዛነፈም።

ከማልን ነገርኩት። ቅዳሜ ቅዳሜ ብረቱ ይጾማል ማለት ነው አለ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የኔው እያደር ጨለመ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 17፣ ቀን 7 ሰዓት

እንደገና 810። በዐይኔ በብረቱ።

እትዬ ፋጡማም መጡ። አሁንም ስምንት ብለው፣ አሁንም ሰባት። ግን ዛሬ በቁና አልነበረም። የጤና ኬላዋ ልጅ ሕፃናት የምትመዝንበት ሚዛን ላይ ምስራቸውን እንደ ሕፃን አንጠልጥላ መዝናላቸዋለች። ስምንት ሞልቶ ነበር አሉ። አባባ የሕፃን ሚዛን ለእህል አይሆንም አሏቸው። እሳቸውም እኔን አዩኝ፣ መምህሩ ያውቃል በሚል ዐይን። ዐይኔን ወደ ሚዛኑ መለስኩ።

ያኔ ነው የአንድ ኪሎውን ብረት ያየሁት። አናቱ ላይ ጠብታ አረንጓዴ ቀለም አለ። የሰኞው ብረት ላይ ቀለም አላስታውስም። መጻፍ አልፈልግም። ምሳዬን አልበላሁም። ከማል ደስ ይበለው።

እሑድ፣ የካቲት 18

አባባ ለቅሶ ሄደዋል። ከት/ቤት ላብራቶሪ መለኪያውን ብርጭቆ ይዤ ገባሁ። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው፤ ይሄ ዋሽቶ አያውቅም።

መሳቢያው ውስጥ የአንድ ኪሎ ብረት ሁለት ነው። አንዱ አረንጓዴ ጠብታ አለው፣ አንዱ የለውም። ውኃውን በላስቲክ ጠርሙስ፣ ባዶ መንትያ ጠርሙሱን በወዲያኛው ሰሃን ከብረቱ ጋር። ባለ ቀለሙ አንድ ሊትር አልበቃውም፤ 140 ሚሊ ሊትር ጨመርኩለት። ለቀለም አልባው 60 ቀነስኩ።

ገለበጥኳቸው። ሁለቱም ከሥራቸው ልካቸው በእርሳስ የሚስተካከልበት ጎድጓዳ አላቸው። የአንዱ እስከ አፉ ጢም ብሏል። የአንዱ ተፍቆ ወጥቷል። ቅዳሜ መግዣው፣ ሌላ ቀን መሸጫው።

ስለዚህ የክንዶቹ ነገር ይኸው፤ የጅዳውን ቅዳሜ በተሞላው፣ የደሴውን ሰኞ በተፋቀው ብረት ነበር የመዘንኩት። የጅዳው 950፣ ካርቶኑ እንዳለው። የደሴው 900። ርካሹ ነበር ቀላሉ፣ እኔ ሰጠሁት። የከማል እጅ ልክ ነበር።

እትዬ ፋጡማ ከስምንት ኪሎ አንዱ ኪሎ ሲበላባቸው፣ ሚዛን አይዋሽም ያልኳቸው እኔ ነኝ። ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች ማለት ይኸው። አፍሬያለሁ። በማን እንዳፈርኩ ግን አላወቅሁም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 20

ለአባባ ነገርኳቸው። ሱቁ ለምሳ ዝግ ሳለ፣ ሁለቱን ብረቶች ጆንያ ላይ አስቀምጬ።

አባባ መጀመሪያ የጠየቁት መሳቢያውን ማን ከፈተው የሚል ነው። ከዚያ ተቀመጡ። አልጮሁም፤ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። ገበሬው ምስሩ ውስጥ አፈር ይጨምራል፣ አፈሩን ማን ይከፍለኛል አሉ። የእትዬ ፋጡማ ምስር ተለቅሞ ነው የሚመጣው አልኳቸው። ባለ ቀለሙ ብረት የመጣው አንተ መቀሌ የገባህ ዓመት ነው አሉ። ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። እኔ አድርጉልኝ ብዬ አልጠየቅኩም አልኩ። የምልክልህ ብር ከየት ነው ብለህም አልጠየቅህም አሉ።

የሰው ሐቅ ነው አልኳቸው። ቃሉን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጣሉት አልኩ። እዚህ ላይ የመለሱልኝ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ዛሬ ብረቱን ብቀይር ቅዳሜ ስምንቱ ስምንት ይሆናል፤ የዘጠኝ ዓመቱስ የት ሄደ ብለው አይጠይቁኝም ወይ አሉ። ስርቆቱን የሚያጋልጠው ማቆሙ ነው ማለታቸው ነው። ልክ ናቸው። እንዴት ልክ ይሆናሉ?

ሁለቱን ብረቶች ወደ መሳቢያው መለሷቸው። ቁልፉን ግን መሳቢያው ላይ ትተውት ሄዱ። ረስተውት ይሁን፣ አውቀው ይሁን፣ ይሄም አልገባኝም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 24

ወደ ሱቁ አልሄድኩም። ቸርኬዎቹ ደርሰው ተገጥመዋል፤ ሳይክሉን ይዤ ጥምዝምዙን መንገድ ወጣሁ፣ ወረድኩ። ይሄዳል። እንዲህ ያለ ሳይክል ነድቼ አላውቅም። አቀበቱ መሀል ላይ እትዬ ፋጡማን አገኘኋቸው፣ ከገበያ ሲመለሱ። ዛሬም ሰባት ሆነልኝ፣ የኬላዋ ሚዛን ይሆናላ የተበላሸው አሉ። ልጅቷን አለቆቿ እንዳይቆጡብኝ ለማንም አልነገርኩም አሉ። ወርጄ አብሬያቸው በእግሬ ሄድኩ። ልናገር አፌን ከፈትኩ፣ ውድድሩን በዱዓዎ አይርሱብኝ አልኩ።

ፈሪ ነኝ፣ ደብተሬ።

ዓርብ፣ የካቲት 30፣ 10 ሰዓት

ለደሴ የነገ ቲኬት ተቆርጧል፣ 11 ሰዓት ሌሊት ይነሳል። ሳይክሉ አለቀ። ከማል የደሴውን ክንድ መለሰልኝ፣ የጅዳውን ወስዶ። አሞኘሁህ አለ፣ የተሻለ ብረት ሰጠኸኝ። ሳይክሉ ጠቅላላ 10 ኪሎ ከ900።

ከዚያ ከቦርሳዬ ሁለቱን የሚዛን ብረቶች አወጣሁ። ከማል አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ ያዘ። ከፍ ዝቅ አደረጋቸው። አየኝ። ሄዶ ምድጃውን አራገበ። እጅ መሣሪያ አይደለም ብዬው ነበር።

ቴላዮ የበሳንበትን መሰርሰሪያ ባለ ቀለሙ ሆድ ውስጥ ከተትነው። መቶ አርባ ግራም እርሳስ። ስድሳውን አቅልጠን በጎደለው አፈሰስን። በውኃው አስተያየኋቸው፤ ሁለቱም አንድ ሊትር፣ ጠብታ አልበለጠ። በዚህ ወር ያቀለልኩት የመጨረሻ ዕቃ ይኸው ሆነ። ሰማንያ ግራም ተረፈ፣ የጣት ጫፍ የምታህል። ኪሴ ውስጥ ናት።

መሳቢያው ውስጥ መለስኳቸው። የቀረው ነገር አንድ ነው። እትዬ ፋጡማ ስምንት ሲሆንላቸው የሚጠይቁት ማንን ነው? እኔ ኩታበር አቀበት ላይ፣ አባባ ብቻቸውን ሱቅ ውስጥ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 1፣ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል

አውቶቡሱ ሄደ። ጥሩንባውን አልጋዬ ላይ ሆኜ ሰማሁ። ሳይክሉ ግድግዳው ጥግ ቆሟል፤ ላየው አልፈልግም። አለቀስኩ፣ ይጻፍ።

ሱቅ ውስጥ ነኝ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ የምጽፈው። አባባ ገና ሲገቡ አዩኝ። አልሄድክም እንዴ አላሉም። እትዬ ፋጡማ ከሁሉም ቀድመዋል፤ ምስራቸውን ከነከረጢቱ ባንኮኒው ላይ አኑረዋል። ዛሬም ስምንት ነው አሉ፣ እንደ ይቅርታ።

አባባ መሳቢያውን ከፈቱ። ባለ ቀለሙን አነሱ። ቆሙ። ዘጠኝ ዓመት የሚያውቁት ብረት ነው፤ እጃቸው ላይ ከፍ ዝቅ አደረጉት፣ ልክ እንደ ከማል። ሴቶቹ ይጠብቃሉ። ወደኔ አልዞሩም። ብረቱን ሰሃኑ ላይ አስቀመጡና እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

ና አንተ መዝንላቸው አሉ። የሚጠይቁህንም አንተ መልስ፣ እኔም ልስማ አሉ።

ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። ከእርሳሷ እጀምራለሁ፣ አውጥቼ ባንኮኒው ላይ አስቀምጣታለሁ፣ ከዚያ የዘጠኝ ዓመቱን…