የግራ ሦስተኛ እግር

ውድ ዶክተር ገብረወልድ፣

«ውድ» ያልኩት ከልቤ ነው፤ በማይክሮስኮፕ ማየት ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። የቀረውንም ሳልፈራ እጽፋለሁ።

ባለፈው ሐሙስ፣ በገበያ ቀን፣ ከገብስ ጆንያ ጋር ተጣበው ከአሰላ ሳጉሬ ድረስ መጡ፤ አሁን ባዮሎጂ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት። ከፌስታል አራት ጠርሙሶች አውጥተው መምህራን ክፍል ጠረጴዛ ላይ ደረደሩ። የሒሳብ መምህሯ የውብዳር ጎንበስ ብላ አየች።

«ዶክተር፣ አንበጣ ነው እንዴ?»

«ሽሪምፕ ነው፤ የውኃ ፍጥረት። የታንጋኒካ ሐይቅ።»

«ጾም ባይሆን ጠብሰን እንበላው ነበር!» ብላ በስልኳ ፎቶ አነሳቻቸው።

እርስዎ አልሳቁም። «ማሂ፣ ልጄ፣ አዲሱ ዝርያ የትኛው ነው?» አሉኝ።

ልጄ!

ያንን ሽሪምፕ ከታንጋኒካ ድንጋዮች ሥር ያገኘሁት እኔ ነኝ። ሐይቁ ሚሊዮን ዓመታት ያስቆጠረ ነው፤ ሌላ የትም የሌሉ ፍጥረታት ይኖሩበታል። በሕይወት እያለ ጎኑ ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ ነበረው። አልኮል ውስጥ ሲገባ ግን በሌሎቹ ጠርሙሶች ውስጥ እንዳሉት ጎረቤቶቹ ነጣ። ለዚህ ነው በየጠርሙሱ ቁራጭ ወረቀት የከተትኩት፦ ቦታው፣ ቀኑ፣ የሰብሳቢዋ ስም። በእርሳስ። እስክሪብቶ አልኮል ውስጥ እንደሚለቅ ያስተማሩኝም እርስዎ ነዎት። ስሜን ለማጥፋት ሲቸኩሉ ግን ወረቀቶቼን ጥለው የራስዎን በእስክሪብቶ ጽፈው ከተቱ። ቀለሙ ታጠበ።

ግኝቱ በእርስዎ ስም ብቻ ሲወጣ አቤት አልኩ። «ለቃሚ ነበረች» ብለው ከቤተ ሙከራው አስወጡኝ። አሁን አንድ የውጭ ሙዚየም ለማረጋገጥ ናሙናውን ይላኩ ብሎዎታል፤ እርስዎም የትኛው እንደሆነ አያውቁም።

«ስምሽን የጥናቱ ምስጋና ላይ አስገባለሁ» አሉኝ።

«ከሾፌሩ በፊት ነው በኋላ?»

«ተይ እንጂ ማሂ።»

ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳኋቸው። «አላውቅም» አልኩዎት። ዋሸሁ።

ሦስተኛው ነው። እዚያ ውስጥ ካሉት አንዱም የግራ ሦስተኛ እግር የለውም። እርስዎ መንገድ የሰበረው መስሎዎት ይሆናል። ለዘረመል ምርመራ ጀልባ ላይ ሆኜ የቆረጥኳቸው እኔ ነኝ፤ እግሮቹም በትንሽ ብልቃጥ እኔው ጋ ቀሩ። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ተጽፏል፤ እርስዎ ግን ሥዕሎቹን ወስደው ጽሑፉን አላነበቡም።

ሐሙስ ብነግርዎት ናሙናው በስምዎ ብቻ ይሄድ ነበር። ዛሬ የምነግርዎት እግሮቹ ከእኔ እጅ ስለወጡ ነው። ጠዋት አሰላ ሄጄ ከደብተሬ ቅጂ ጋር ለሙዚየሙ በፖስታ ላክኋቸው።

እርስዎም ጠርሙሱን ይላኩ። እንዳይጥሉት፤ የውብዳር ፎቶ አራቱንም ይዟል። ደግሞም እነዚያ ትናንሽ ፍጥረታት ምንም አልበደሉንም። ሙዚየሙ እግሩን ከባለቤቱ ጋር ያገናኘው።

ከእግሮቹ ጋር፣ ብልቃጡ ውስጥ፣ አንድ ቁራጭ ወረቀት አለ። የጻፍኩት እንዳስተማሩኝ ነው፦

በእርሳስ፣
ሰብሳቢ፦ ማሂ እንደሻው