ሦስት ልጅነት

ማክሰኞ፣ የካቲት 18 ቀን

ለልጄ ለፍንጭቷ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቴን ትላለች እንጂ ደረጃውን ከእኔ ቀድማ ነው የምትወጣው። ፊደሌን ተንቀጥቅጦ ካገኘሽው ጠረጴዛው ነው፤ አንዱ እግሩ አጥሮ ይወዛወዛል።

ወደ ነገሬ ልግባ። የዛሬ ዘጠኝ ቀን፣ እሑድ፣ በስልክ «ለስፔሻሊቲ አመለከትሽ ወይ?» ስልሽ «አዎ አባዬ፣ ለጥርስ ማስተካከል» አልሽኝ። «ለእሱ ብቻ?» አልኩሽ። «ለእሱ ብቻ» አልሽ። ቶሎ አልሽ። አንቺ እውነት ስትናገሪ ታስቢያለሽ፤ ቶሎ የምትመልሺው ስትዋሺ ነው። ይህን የማውቀው የሰባት ዓመት ልጅ ሆነሽ፣ ከሥራ ጠረጴዛዬ ሥር ቁጭ ብለሽ የጥርስ መቅረጫ ሰም ስታኝኪ፣ «አፍሽ ውስጥ ምን አለ?» ስልሽ «ምንም» ካልሽኝ ቀን ጀምሮ ነው።

ደህና ሁኚ ብዬሽ ዘጋሁ። በማግስቱ ዶክተሩ ክሊኒክ ውስጥ አስጠሩኝ። ዓይናቸው ስለደከመ የሚፈርሙበትን ወረቀት ሁሉ የማነብላቸው እኔ ነኝ፤ ታውቂያለሽ። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ፣ ያቺ ሬዲዮ የምንላት፣ ያንቺን የድጋፍ ደብዳቤ ተይባ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለች። አንድ መስሎኝ ነበር። ሦስት ነው።

የመጀመሪያውን አነበብኩ። «አመልካቿ ከልጅነቷ ጀምሮ የምትመኘው ጥርስ ማስተካከልን ብቻ ነው» ይላል። መልካም። ሁለተኛውን አነሣሁ። «አመልካቿ ከልጅነቷ ጀምሮ የምትመኘው የመንጋጋ ቀዶ ሕክምናን ብቻ ነው።»

«ዶክተር» አልኩ፣ «ይቺ ልጅ ስንት ልጅነት ነው ያላት?»

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው» አሉ ሳይስቁ። «ቦታው ጥቂት፣ አመልካቹ ብዙ። በአንዱ በር ካልገባች በሌላው ትገባለች። እያንዳንዱ ክፍል ግን እሱን ብቻ የምትፈልግ ካልመሰለው አይቀበላትም።»

«ለሦስት ሴት ቀለበት የገዛ ወንድ አይተው አያውቁም፣ ጋሼ?» አለች ሬዲዮ በሩ ላይ ቆማ። «ጉዱ ሦስቱም እሺ ያሉ ቀን ነው።»

ሦስተኛውን ላነሣ ስል ዶክተሩ ቀደሙኝ። «ይሄን እሷ ታነብልኛለች» አሉ። ሬዲዮ ዝም አለች። ሬዲዮ ዝም ስትል ደግሞ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

ደብዳቤዎቹ ታሽገው፣ ክዳናቸው ላይ ማኅተም ተመትቶ፣ ፖስታ ቤት እንዳደርሳቸው ተሰጡኝ። እነዚያ ትምህርት ቤቶች ዛሬም የሚያምኑት የታሸገ ወረቀት ነው። መንገድ ላይ ሦስተኛውን ገልብጬ አድራሻውን አየሁ። «ለሰው ሠራሽ ጥርስ ክፍል» ይላል።

የእኔ ሙያ። ለእኔ ያልተነገረኝ።

ሁለቱን ላክሁ። ሦስተኛው የኮቴ ኪስ ውስጥ ሆኖ ቤት ገባ።

መጀመሪያ፣ ታፍርብኛለች አልኩ፤ ሐኪም ሆና ጄሶ ለብሶ የሚውል ሰው ልጅ ነኝ ማለት ከብዷታል። ቀጥሎ፣ ስኮርታ አድርጋዋለች አልኩ፤ ሌላው ጎማ ሲተነፍስ የሚወጣ። ሁለቱም አልዋጥ አሉኝ። እናትሽን «ለሦስት ቦታ ማመልከቷን ታውቂያለሽ?» አልኳት። ታጥፎ የተቀመጠ ፎጣ ዘርግታ እንደገና አጠፈችው። «እኔ ምን አውቄ» አለች። የማያውቅ ሰው «የምን ሦስት?» ነው የሚለው።

ዶክተሩንም መጠርጠር ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ካለፈው ሰኔ ወዲህ የፊት ጥርስ ሥራ ሰጥተውኝ አያውቁም። የፊት ጥርስ ሰው ሲስቅ የሚታይ ነው፤ የፀጉር ያህል ስህተት አይችልም። ለእኔ የሚደርሰኝ ማንም የማያየው የመንጋጋ ጥርስ ሆኗል። ሌላ ሠሪ ደብቀዋል ብዬ የኋላውን ክፍል ሳይቀር አይቻለሁ። አሁን ደግሞ፣ ከልጄ ጋር ተመካክረው ከወንበሬ ሊያነሡኝ ነው አልኩ።

ደብዳቤው እስከ ፊታችን ዓርብ ካልደረሰ ማመልከቻሽ እንደሚወድቅ ሬዲዮ ነግራኝ ነበር። እያወቅሁ አምስት ቀን ያዝኩት። ይህን አልደብቅሽም።

ቅዳሜ ጠዋት ወርክሾፑ ውስጥ ሰው አልነበረም። የሰም ቢላዬን አሙቄ ከፖስታው ክዳን ሥር ሰደድኩት። ሙጫ እንደ ሰም ነው፣ ሲሞቅ ይለቃል። ድሮ ቢሆን ከፍቼ ብዘጋው እግዜር ብቻ ነበር የሚያውቀው። ቢላው ተንሸራተተ። ፖስታው እስከ ማኅተሙ ድረስ ተቀደደ።

አንዴ ከተቀደደ ወዲያ አነበብኩት። ይኸኛው ስለ ልጅነትሽ አንድም አይናገርም። «አመልካቿ ለሌሎች ሁለት ክፍሎችም አመልክታለች» ይላል። «ይህን የመጀመሪያ ምርጫዋ ያደረገችው ባለፈው ሰኔ ለዕረፍት መጥታ፣ አባቷ ሲሠራ ካየች በኋላ ነው። ወንበሩን ልትረከበው ትፈልጋለች። እሱ እንደማይጠይቃት ታውቃለች።»

ሰኔን አስታወስኩ። አጠገቤ ቆመሽ የአንዲት ሴት የፊት ጥርስ ስሠራ ስታዪ ነበር። ብዙ ቆየሽ። ከዚያ «ዶክተርን ሰላም ልበል» ብለሽ ወጣሽ። ሰላምታው አንድ ሰዓት ፈጀ።

ትናንት ፖስታውን ይዤ ዶክተሩ ዘንድ ገባሁ።

«ተቀደደ» አልኩ።

«በምን?»

«በሰም ቢላ። ደንዟል።»

እጄን አዩ። ከዚያ መስኮቱን አዩ።

«ቢላ ይደንዛል» አሉ።

አነበብከው ወይ ብለው አልጠየቁኝም። ሬዲዮን ጠርተው እንደገና አስተየቡ፣ ፈረሙ፣ ማኅተም አስመቱ። «ጋሼ፣ ይሄንን እንኳ እኔ ላድርሰው?» አለች ሬዲዮ። ከእጇ ነጥቄ ወጣሁ። በፈጣን ፖስታ ልኬዋለሁ፤ ሐሙስ ይደርሳል። ከሰው ቃል ወረቀት ይሻላልና ደረሰኙን ከዚህ ጋር አድርጌልሻለሁ።

አሁን የምልሽን ስሚ። አንደኛ ያደረግሽው ለእኔ ብለሽ ከሆነ ቅደም ተከተሉን ለውጪው። መንጋጋ መቅደድ ከወደድሽ ቅደጂ። ለአባት ሲባል የተመረጠ ሙያ ልኩ ሳይወሰድ እንደተሠራ ጥርስ ነው፤ ሲያቆስልሽ ይኖራል። ወድደሽው ከሆነ ግን ደውለሽ ንገሪኝ። ስትመልሺ ቶሎ አትበዪ።

ያን ጊዜ ያኘክሽው ሰም አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ፍንጭትሽ እንዳለ ታትሞበታል።

እግዜር የጀመርሽውን ያስፈጽምሽ። ሦስቱም በር ይከፈትልሽ፤ የምትገቢበትን ግን አንቺው ምረጪ። ክፉ አይንካሽ።

አባትሽ

ጠረጴዛው ይወዛወዛል ብዬሽ ነበር። ሁለተኛውን ገጽ ከመጀመሬ በፊት እግሩ ሥር ካርቶን አጥፌ ከትቻለሁ፤ አሁን አይነቃነቅም። ከዚያ ወዲህ ያለው ፊደል ግን ያው ነው፤ አንቺው እዪው።