እናት የሌለበት የዘር መጽሐፍ

ለዘር መጽሐፍ አዘጋጅ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ ለክቡር አቶ አዳነ
ደብረ ታቦር

ክቡር ሆይ፣ ጉልበትዎ ይጥና፣ ወንበርዎም ይጽናልዎ፤ ከወንበርዎ ተነሥተው ወደኛ አገር እንዳይመጡብን ስለምሰጋ ነው። እኔ ከሐሙሲት በላይ ያለሁት ሙላቴ ዘውገ ነኝ። ፊደል አልቆጠርሁም፤ ዘር ግን አርባ ዓመት ቆጥሬአለሁ። በአገራችን ሁለት ልጆች ሊጋቡ ሲሉ በአባትም በእናትም ሰባት ቤት የሚቆጠረው በእኔ አፍ ነው። ቃሌን የሚጽፍልኝ በፍርድ ቤቱ በር ማመልከቻ ጻፊው ሙሉቀን ነውና፣ አክብሮት ቢያገኙበት የሱ ነው፤ የቀረው የእኔ ነው።

ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

፩. መዝገበ ቃላት ለማዘጋጀት የተሠራውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ለዘራችን መጽሐፍ ስላዋላችሁት አመሰግናለሁ። ለቃል የተሰፋ ልብስ ለሰው ልክ ይሆናል ማለት ድፍረት ይጠይቃል። ስሜን ሳስነብብ ከሥሩ «ትርጉም» የሚል ባዶ ቦታ አለ፤ «ተቃራኒ» የሚልም አለ። ትርጉሜን ተዉት፤ ለተቃራኒው ግን የእርስዎን ስም ብታስገቡ ባልከፋኝ።

፪. ሰዉን በፊደል ተራ አሰልፋችሁ ወንድሜን ከእኔ ስድሳ ገጽ አራቃችሁት። በድንበር ስንጣላ የኖርን ነንና ይህን ከልቤ አመሰግናለሁ።

፫. ይኸኛው ግን መቀመጫ ነሥቶኛል። ፕሮግራሙ ለአንድ ቃል አንድ ሥር ብቻ ይቀበላል አሉ፤ እናንተም የሰው ሥሩ አባቱ ነው ብላችሁ እናቶችን ሁሉ አስቀራችሁ። የልጅ ልጄ ማስተዋል ለዳግማይ ትንሣኤ ዳኛቸውን ልታገባ ነው። በእናት ሲቆጠር አራት ቤት ላይ ይገናኛሉ፤ ቅድመ አያቶቻቸው እኅትማማቾች ነበሩ። ይህን ብናገር የሙሽራው አባት ዓለምነው መጽሐፋችሁን ተሸክሞ መጣና፣ እዚህ ላይ ዝምድና የለም፣ መጽሐፉም ማኅተም አለው፣ አንቱ ግን የለዎትም አለኝ። ቄሱም አገላብጠው አዩና መጽሐፉን መለሱለት። ጌሾው ተወቅጧል፣ ሰዉ ተጠርቷል፤ ልጅቱ ደስታዬን ጠላ ብላ አታናግረኝም። እኔ ዝም ብል እኅትና ወንድም ይጋባሉ፤ ብናገር ያረጀ ቀጣፊ ነኝ።

ስለዚህ ከሠርጉ በፊት፣ «ይህ መጽሐፍ እናት አይቆጥርምና ለጋብቻ አይሆንም» የሚል ወረቀት ያን ማኅተማችሁን መትታችሁ ስደዱልኝ።

ለባለሥልጣን ጎንበስ ማለት ወገቤ የከለከለኝ፣ መልስዎን ግን ቆሜ የምጠብቅ፣
ሙላቴ ዘውገ
(አውራ ጣቴን አኑሬአለሁ)

ተጨማሪ፦ የእርስዎንም ስም አስነብቤ ነበር፤ እናት የለዎትም። እናትዎ እመት ጽጌ ግን እግዜር ይመስገን ደኅና ናቸው፤ ሐሙስ ሐሙስ ገበያ እንገናኛለን። ወረቀቱ እስከ ሐሙስ ካልደረሰኝ፣ ልጅዎ ከዘር አውጥቶዎታል ብዬ በሰው ፊት እነግራቸዋለሁ።