አያቷ ስትመጣ

ለናፍቆቴ ለእማዬ፦ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኛ ካንቺ ናፍቆት በቀር ደህና ነን።

የልጅ ልጅሽ አምስት ዓመት ሞላት፤ ምላሷ ከእኔም በልጧል። ትናንት ጎረቤታችን ብስኩት ብትሰጣት «ወተት አለበት?» ብላ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞራ «ለቅምሻ ያህል ምን ያደርጋታል?» ስትል፣ ልጅቷ ቀድማኝ «ለቅምሻም ጉሮሮዬ ይዘጋል» አለቻት። ሳቅንም፣ ደነገጥንም።

ስትመጪ ሻንጣሽን አታክብጂ። እኛን በወተት ያሳደገ እጅሽ ስስት እንደማያውቅ አውቃለሁ፤ ለእሷ ግን እቅፍሽ ይበቃታል። እኔ ስፌት ቤት ስውል አንቺ ትጠብቂያታለሽ ብዬሽ አልነበር? አሁን ፈቃድ ወስጃለሁ፤ ወደ አገርሽ እስክትመለሺ ድረስ ከቤት አልወጣም። ኩሽናውን ለእኔ ተይልኝና አንቺ ተረት ንገሪያት።

ጉልበትሽን ስመን፣ በሰላም ያምጣሽ እንላለን።

ልጅሽ