እስከ ኢላት አትንገሩት

እታለም፣

ከተለያየን ሦስት ዓመት አለፈ። እኛ ዘንድ ያለውን ልንገርሽ። አሽዶድ፣ ሮቫ ቤት ሰፈር ያለው ቤታችሁ አልተሸጠም። ባልሽ አያ ደሴ በረንዳውን ዘግቶ ክፍል አደረገው፤ ጣሳ ውስጥ የተከልሽው ጤናዳም ደርቆ ተጣለ። ልጅሽ ታማር ወታደር ሆናለች፤ ሰሜን ድንበር ላይ ናት። በብስክሌቱ ጉዞ ገንዘብ የተገዛችው መኪና ሳምንቱን ሙሉ ሕመምተኞችን ወደ ኩላሊት እጥበት ታመላልሳለች። በደጅሽ በኩል ነው የምታልፈው፤ አትቆምም።

ጉዞውን የነገርኩሽ ቀን ትዝ ይልሻል? ከእጥበት ወጥተሽ፣ ራስሽን እያዞረሽ አውቶቡስ የምትጠብቂበት ፌርማታ ላይ ነበርን። ለእናንተ መኪና ለመግዛት ከአሽዶድ እስከ ኢላት በብስክሌት እሄዳለሁ ስልሽ እስኪያስልሽ ሳቅሽ። «ይህን ቦርጭ ማን ሊገፋልህ ነው?» አልሽ። ጥቁሩን የብስክሌት ልብስ ለብሼ ስመጣማ «ሱሪ ለብሰህ ነው ወይስ ቀለም ተቀብተህ?» ብለሽ ጎረቤት ጠራሽ። በማግስቱ እጥበት ክፍል ላሉት ሁሉ «ወንድሜ በናንተ ጦስ ሊሞት ነውና ለለቅሶ ተዘጋጁ» ብለሽ ነገርሻቸው። ወንድምሽ ግን አልሞተም።

ሰዎች ገንዘብ ለመስጠት ቃል የገቡት በምሄደው ኪሎሜትር ልክ ነበር። ብቆም ልገሳውም ይቆማል። ይህን ሁሉም ሰው ያውቅ ነበር፤ አያ ደሴም።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ሞትሽ። እዚህ አገር ሬሳ አያድርምና ከሰዓት በኋላ ተቀበርሽ። እኔ በዚያ ሰዓት ከቤርሼባ ወደ ሚጽፔ ራሞን የሚወስደውን ዳገት እየገፋሁ ነበር። ከአሽዶድ በመኪና ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው። አገር ቤት መርዶ የሚሸሸገው ወንዝ ተሻግሮ ለሄደ፣ ቢሰማም ለማይደርስ ሰው ነበር። አያ ደሴና ሽማግሌዎቹ ግን ተማክረው «መንገድ ላይ ላለ ሰው መርዶ አይነገርም፤ እስከ ኢላት አትንገሩት» አሉ። ከኋላችን የሚከተለውን መኪና የሚነዳው የኛው ሰው «ባትሪውን ልሙላልህ» ብሎ ስልኬን ወሰደ። አብረውኝ በብስክሌት የሚጋልቡት እስራኤላውያንም ተነገራቸው፤ ምስጢሩን ጠበቁ።

ከዚያ በኋላ ንጉሥ ሆንኩ፣ እታለም። ብርቱካን ልጠው ሰጡኝ። ፊት ፊት እየሄዱ ነፋሱን ከለከሉልኝ። ጉብዝናዬን ያደነቁ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ። እራት ላይ የሱሪውን ቀልድሽን በዕብራይስጥ ነገርኳቸው፤ «እህቴ እንዲህ ናት» እያልኩ። ሳቁ። አንዲት ሴት ዓይኗን ጠረገች፤ ከሳቅ ብዛት መሰለኝ፣ ሌላም ቀልድ ጨመርኩላት። ኢላት መግቢያ ላይ ሁሉም ፍጥነት ቀንሰው አሳለፉኝ፤ መጀመሪያ የገባሁት እኔ ነበርኩ። እጆቹን ወደ ሰማይ የዘረጋው ላብ በላብ የሆነ ወፍራም ሰው ፎቶ ኋላ በምሠራበት ጋዜጣ ወጣ። ከሥሩ፣ እዚያው ገጽ ላይ፣ ያንቺ የሐዘን መግለጫ ነበር።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ሽማግሌዎቹ ያደርኩበትን ክፍል አንኳኩ። እንኳን ደስ አለህ ሊሉኝ ሌሊቱን ሙሉ ተጉዘው የመጡ መስሎኝ ወንበር አቀረብኩላቸው። አልተቀመጡም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እንደለበሱ ያየሁት ያኔ ነው።

ይህን ሁሉ ለልማድ ብዬ መተው በቻልኩ ነበር። ኋላ ግን ታማር የሆነውን ነገረችኝ። በሞትሽበት ጠዋት ዓይንሽን ገልጠሽ «ወንድሜን ጥሩልኝ» ብለሻል። አያ ደሴ ግንባርሽን እየዳበሰ «ተጠርቷል፣ መንገድ ላይ ነው፣ እየመጣ ነው» ብሎሻል። ማንም አልጠራኝም። አንቺ ግን አምነሽ በሩን በሩን ታዪ ነበር። ሰምቼ የዘገየሁብሽ መስሎሽ ሞትሽ። እኔ በዚያ ሰዓት ምን አደርግ እንደነበር አስቤዋለሁ፤ ቁርስ ላይ ሁለተኛ እንቁላል እንዲጨምሩልኝ እየለመንኩ ነበር።

አያ ደሴ አሁን ልቡን ታሟል። ሐኪሞቹ ብዙ ተስፋ አልሰጡትም። ባለፈው ሳምንት አልጋው አጠገብ አስቀመጠኝና «አንድ ነገር ብሆን ታማር የወታደር ኮርሷን እስክትጨርስ እንዳትነግሯት። በሽማግሌ ይሁን፣ በወጉ» አለኝ። እጁን ይዤ እሺ አልኩት። ደስ ብሎት ተኛ።

ዋሸሁት፣ እታለም። እሱ አንቺን እንደዋሸሽ እኔም ዋሸሁት፤ አላፈርኩም።

አልረሳሽም ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ድንጋይ ላይም ይጻፋል። እኔ የማስታውስሽ በዚህ ነው። ያ ቀን ሲመጣ ሽማግሌ አልልክም፤ እስኪነጋም አልጠብቅም። ገና ትንፋሹ ሳለ ራሴ ደውዬ «አባትሽ እየሞተ ነው፣ አሁኑኑ ተነሺ» እላታለሁ። ብትደርስ ትደርሳለች። ባትደርስም እያወቀች ትዘገያለች።

ወንድምሽ