የዓርቡ የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ ባለቤት

ዛሬ ልንሸኛቸው የተሰበሰብንላቸው መምህርት በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው የወፍጮ ቤት ሠራተኛ፣ እናታቸው ልብስ አጣቢ ነበሩ። የተወለዱትም እዚያው ወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለችው አንድ ክፍል ቤት ነው። ወፍጮው ሲነሳ ግድግዳው ሁሉ ይንቀጠቀጥ ስለነበር በዚያ ቤት የሚያድግ ልጅ ጮክ ብሎ መናገር ይለምዳል። እሳቸውም ዕድሜ ልካቸውን ጮክ ብለው ተናገሩ። ድምፃቸውን ዝቅ እንዲያደርጉ የመከሯቸው ጥቂት ሰዎች ነበሩ፤ ሁለተኛ የመከራቸው ግን የለም።

ሙት ወቃሽ አያድርገንና፣ ሰው ናቂ ነበሩ። ይህን እኛ ቤተሰቦቻቸው ቀድመን ካላልነው ከፊት ወንበር የተቀመጡ አንዳንድ እንግዶች በሆዳቸው ማለታቸው ስለማይቀር ነው የምንናገረው። ድሃ አይንቁም፤ ያልተማረም አይንቁም። የሚንቁት ሳይገባው «ገባኝ» የሚለውን ነው። እንግዲህ እንዲህ ከተባለ ከሰው ሁሉ ማን ይተርፋል? እኛም አልተረፍንም።

ትምህርት ቤት የገቡት በሰባት ዓመታቸው ሲሆን የአንደኛ ክፍሉን የንባብ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው ያነበንቡት ስለነበር አንደኛ ወጥተው ተሸለሙ። አባታቸው ደስታውን አልቻሉትም። አንድ ቀን ከወፍጮ ቤት ጽሑፍ የታተመበት ጆንያ አምጥተው «እስቲ ልጄ፣ ምን ይላል?» አሏቸው። ልጅቷ ጆንያውን አየች፤ አንድም ፊደል አልለየችም። ዝም ማለት ደግሞ ለተሸላሚ አይሆንም። ስለዚህ ጣቷን ጆንያው ላይ እያስኬደች የምታውቀውን ምዕራፍ፣ ቀበሮ ዶሮዋን እንዴት እንዳታለላት፣ ሳትደናቀፍ ወጣችው። አባትየው በማግስቱ ለእህል ነጋዴዎቹ «ይኸ ጆንያ እኮ የቀበሮ ታሪክ ነው የተጻፈበት» ብለው ተናገሩ። በጆንያው ላይ የተጻፈው የማዳበሪያ ስም ነበር። ነጋዴዎቹ አባትየው እስኪሞቱ ድረስ «አያ ቀበሮ» እያሉ ሲጠሯቸው ኖሩ፤ አባትየውም ለልጃቸው አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል አልተናገሩም። እህታችን ይህን ሲያነሱ የሚንቁት ነጋዴዎቹን አልነበረም፤ ያቺን ተሸላሚ ልጅ ነበር።

በ1964 ዓ.ም. ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍልን ተረከቡ። የተሰጣቸው ክፍል ከሽንት ቤቱ አጠገብ ያለው፣ አንደኛው መስኮት በካርቶን የተደፈነው፣ ለሁለት ልጅ በተሠራ ዴስክ ላይ አራት የሚቀመጡበት ነው። ሌሎቹ መምህራን ወደተሻለ ክፍል ለመዛወር ደጅ ሲጠኑ እሳቸው ንቅንቅ አላሉም። በ1969 ዓ.ም. ዴስክ ሊጠግን የመጣን አንድ አናጢ «ይኸ እኮ ነገ ተመልሶ ይወላገዳል» ብለው ሥራውን አስፈረሱት። አናጢው አፍርሶ ደግሞ ሠራው፤ በዚያው ዓመት ተጋቡ። ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

ልጆቹ ያወጡላቸው ስም «ቲቸር እንደገና» ነበር። አንድ ልጅ «ገባኝ» ካለ «እስቲ እንደገና፣ በራስህ አፍ» ስለሚሉ ነው። ሳምንታቸው እንደሚከተለው ነበር። ሰኞ ንባብ ነው፤ ደኅና አንባቢውን ከደካማው ጎን ያስቀምጡና ጣቱን መጽሐፉ ላይ የሚያስኬደው ደካማው ነው። ማክሰኞ በጠርሙስ ቆርኪ መደመርና መቀነስ ይውላሉ። ረቡዕ ልጆቹን ሲባጎ አስይዘው ግቢውን ያስለካሉ፤ በጣሳ የዘሩትን ባቄላ ያሳያሉ። አንድ ዓመት ባቄላው በሙሉ በሰበሰ። የጎን ክፍሏ መምህርት በጓሮ በር ደኅና ችግኝ አምጥታ «ልተካልሽ?» ብትላቸው «ምነው፣ የኔ ባቄላ ሳይማር አለፈ?» ብለው አባረሯትና ሳምንቱን ሙሉ ለምን እንደበሰበሰ ሲያስመረምሩ ሰነበቱ። ሐሙስ ያዩትን መሳልና መጻፍ ነው። ዓይንና ጥርስ ያላት ፀሐይ የሣለ ልጅ ውጭ ወጥቶ ፀሐይቱን በራሱ ጥላ በኩል አጥንቶ እንዲመለስ ይታዘዛል።

ዓርብ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ግን አዲስ ትምህርት የለም። እያንዳንዱ ልጅ ተራ በተራ ይነሳና በሳምንቱ ውስጥ ያልገባውን አንድ ነገር ይናገራል። መሳቅ ክልክል ነው። «እኔ ሁሉም ገብቶኛል» ያለ ልጅ «እንግዲያው ና፣ ሰሌዳው ያውልህ» ይባላል፤ ሁለተኛ አይለውም። አንዱ ተነስቶ «ዜሮ ምንም ካልሆነ ለምን እንጽፈዋለን?» አለ። አንዷ «ከአሥራ ሦስት ላይ ስምንት ስንቀንስ ከጎረቤት የተበደርነውን አሥር መቼ ነው የምንመልሰው?» አለች። እሳቸውም ይህን ሁሉ ያደምጡና የሰኞን ጠዋት ከዚያው ይጀምራሉ። ሥራቸው ይኸው ነበር፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ሰው ናቂዋ እህታችን በዚያች ሰዓት ማንንም አይንቁም ነበር። አንድ ልጅ እየተርበተበተ «አልገባኝም» ሲል ፊታቸው ይፈካል፤ እኛ ወንድሞቻቸውና እህታቸው እንዲህ ፈክተው አይተናቸው ስለማናውቅ በልጆቹ እንቀና ነበር።

ታዲያ ልጆቹ ቤት ሲገቡ «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» ሲባሉ «ያልገባኝን ተናገርኩ» ይላሉ። አንድ የሕንፃ ዕቃ ነጋዴ ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ «እኔ ልጄን የምልከው እንዲገባው ነው ወይስ እንዳይገባው?» ብሎ ጮኸ። እህታችን ባለጌ ቃል አልተናገሩም። «እርስዎስ በዚህ ሳምንት ምን አልገባዎትም?» ብለው ጠየቁት። ሰውዬው ለክስ ሄደ።

የተከሰሱትም አዲስ የተሾሙት ዳይሬክተር ዘንድ ነበር። ሰውየው ያኔ ገና ወጣት፣ ጫማቸው ከሰሌዳው ይልቅ የጠቆረ፣ ስብሰባ ሲመሩ ውኃ በብርጭቆ የሚያስቀርቡ ነበሩ። ማስተማር ሞክረው እንደነበር ይነገራል። የዓርቡን ሰዓት «ገጽታ የሚያበላሽ» ብለው አገዱና በምትኩ ወላጆችና የትምህርት ጽሕፈት ቤት እንግዶች የሚጋበዙበት የዓርብ ትርኢት አወጁ። በ1998 ዓ.ም. የመጀመሪያው ትርኢት ለሁለተኛ ክፍል ደረሰ። እህታችን ልጆች አላስጠናም ስላሉ ዳይሬክተሩ ማክሰኞ ለት ራሳቸው ገብተው ጥያቄውንም መልሱንም እያስጨበጨቡ አስጠኑ።

ዓርብ ደረሰ። እንግዶቹ ተደረደሩ፤ ዳይሬክተሩ ክራቫታቸውን አስተካክለው «ልጆች፣ ለጤናችን የሚያስፈልጉን ነገሮች ምን ምን ናቸው?» አሉ። ሰዓቱ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ነበር፤ ልጆቹ ደግሞ በዚያ ሰዓት የሚሠሩትን ያውቃሉ። የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ተነሳች።

«ያልገባኝ ነገር አለ» አለች። «ይኸን እኮ ማክሰኞ ለት ራስዎ ነግረውናል። ረሱት እንዴ?»

ልጅቷ አልቀለደችም፤ ከልቧ አዝናላቸው ነበር። እንግዶቹ ሳቃቸውን በመሐረብ አፈኑ። ዳይሬክተሩ «ልጅ ናት፣ ልጅ ናት» እያሉ ወደ እህታችን ሲዞሩ፣ እሳቸው እጃቸውን አጣምረው «ጥያቄ ተጠይቀዋል፤ ይመልሱላት እንጂ» አሉ።

በሳምንቱ «ለጤንነታቸው ሲባል» ከማስተማር ተነስተው ወደ መማሪያ ቁሳቁስ መጋዘን መዛወራቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሳቸው። ጤንነታቸው እንደ ብረት ነበር። አብረዋቸው ሠላሳ ዓመት ሻይ የጠጡ መምህራን በዚያን ቀን ሁሉም የሚያርሙት ደብተር ተገኘላቸው፤ ቀና ያለ አልነበረም። እህታችን በ2006 ዓ.ም. ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ጠመኔና መጥረጊያ ሲያድሉ ኖሩ። መጋዘኑ ከድሮ ክፍላቸው ጋር በአንድ ግድግዳ ይገናኛል። ዓርብ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ጭብጨባ ሲጀምር ተነስተው በሩን ይዘጉ ነበር። አለቀሱ ብንል ይቆጡናል፤ ግን አልቅሰዋል። ባለቤታቸው ምሳ ይዘው ሄደው የጠመኔ ካርቶን ላይ ተቀምጠው አግኝተዋቸዋል።

ወይ ጉድ የሚያሰኘው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በ2009 ዓ.ም. ሕፃናት እንዲጠይቁ ማበረታታት የሚል መመሪያ ከላይ ሲወርድ እኚያው ዳይሬክተር ዓይናቸውን በጨው አጥበው የዓርቡን ሰዓት «ሳምንታዊ የግንዛቤ ክፍተት ማቅረቢያ መርሐ ግብር» ብለው አስነሱት። ባነር ተሰቀለ፤ ካናቴራ ታተመ። እህታችን የክብር እንግዳ ተብለው ተጠሩ። እንዳይሄዱ ብንለምናቸው «ልጆቹ እኮ ምን አጠፉ?» ብለው ሄዱ። ምናልባት እውነት ይሆን እንደሆነ ብለው ተስፋ አድርገው ነበር፤ የለበሱትን ቀሚስ ያየ ያውቃል።

ልጆቹ በሰልፍ ወጡ። አንዱ ደረቱን ነፍቶ «ያልገባኝ ነገር የውኃ ዑደት ነው!» አለ፤ ተጨበጨበ። ቀጥላ አንዷ «ያልገባኝ ነገር የክፍልፋይ ድምር ነው!» አለች፤ ተጨበጨበ። ያልገባቸውን ነገር ረቡዕ ለት ተከፋፍለው ማጥናታቸው ነው! እህታችን ከክብር ወንበራቸው ተነስተው የመጀመሪያው ልጅ ዘንድ ሄዱና «የኔ ልጅ፣ የውኃ ዑደት ምኑ ነው ያልገባህ?» አሉት። ልጁ መምህሩን አየ። መምህሩ ዳይሬክተሩን አየ።

«እሱን አልሰጡኝም» አለ ልጁ።

«ዑደት ማለትስ ምን ማለት ነው?»

«አላውቅም» አለ ቀስ ብሎ።

«ጎሽ! ይኸዋ! ና፣ ከዚሁ እንጀምር» ብለው የእንግዶቹን የውኃ ብርጭቆ አንስተው አጠገቡ ተንበረከኩ። ዳይሬክተሩ በማይክሮፎን «ጊዜ ስለተጣበበን» አሉና ሙዚቃ ተለቀቀ። እህታችን ብርጭቆውን ለልጁ ሰጥተው ወጡ። የተዘጋጀላቸው የምስክር ወረቀት በማግስቱ ቤት ድረስ ተላከ። ባለቤታቸው ፍሬሙን ገልብጠው አይተው «እንጨቱም የረባ አይደለም» አሉ።

ትናንት ከትምህርት ቤቱ ለዚህ ጽሑፍ «ግብዓት» ተልኮልን ነበር። የዓርቡ ሰዓት የአስተዳደሩ ፈጠራ እንደሆነና ሟቿ «በአፈጻጸሙ እንደተባበሩ» ይላል። ጆሮ ዳባ ልበስ ብለነዋል። ላኪው የአበባ ጉንጉን ይዘው እዚሁ ስላሉ አንድ ጊዜ ጮክ ብለን እንናገራለን፤ ሰዓቱ የእሳቸው ነበር፤ የወሰዳችሁት ባነሩን ብቻ ነው።

እህታችን በ2014 ዓ.ም. በጉበት ሕመም ታመሙ። ሐኪም ቤት ተኝተውም ንቀታቸው አልበረደም፤ አልጋቸው ዙሪያ ቆሞ ሐኪሙን ተከትሎ አንገቱን የሚነቀንቀውን የሕክምና ተማሪ ሁሉ «እስቲ አንተ ንገረኝ» እያሉ ያስደነግጡት ነበር። በመጨረሻ ሕክምናው ከዚህ ወዲያ እንደማይረዳቸው ሐኪሙ ለእሳቸውና ለባለቤታቸው አስረድቶ ወደ ቤታቸው መለሳቸው። ባለቤታቸው በሐኪሙ ፊት አንገታቸውን ሲነቀንቁ ነበር። ማታውኑ ግን በመጪው ወር መስኮቱን አድሳለሁ፣ አልጋሽን ወደ ፀሐዩ አዞራለሁ ማለት ጀመሩ። እህታችን አስቀመጧቸውና ሐኪሙ ያለውን ደግመው ነገሯቸው። «ገባህ?» አሏቸው።

ባለቤታቸው በዚያ ሁሉ የትዳር ዘመን «ገባኝ» እያሉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እሳቸው ፊት ሌላ ማን ይደፍራል? ያን ማታ ግን «አልገባኝም» አሉ።

እዚያው የነበርን ሁሉ ቁጣ ጠበቅን። እህታችን አልተቆጡም። «እሺ» ብለው እጃቸውን ያዙና ከመጀመሪያው ጀመሩላቸው፤ ጉበት የቱ ጋ እንዳለ በባለቤታቸው ጎን ላይ በጣት አሳይተው፣ ምን እንደሚሠራ፣ የራሳቸው ለምን እንደደከመ፣ ከዚህ በኋላ ምን እንደሚሆን፣ በትናንሽ ቃል። ሲጨርሱ ጠየቋቸው። «አሁንም አልገባኝም» አሉ። እንደገና ጀመሩላቸው። እንዲህ ሲሉ ቆዩ።

መምህርት ሐሙስ ጠዋት በስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው በቤታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ሁለት ወንድሞቻቸውንና ይህን የጻፈችውን ታናሽ እህታቸውን ትተው ሄደዋል። በእጃቸው ያለፉት ተማሪዎች ግን የሀዘንተኛ ወንበር ስለማይበቃቸው ቆመው ነው ያሉት።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በሰላም ያኑርልን። ባለቤታቸውን ደግሞ አደራ፤ ነገሩ ዛሬም አልገባቸውም። አንዴ ቢነገራቸው አይበቃቸውምና እሱ ራሱ፣ ሳይቆጣ፣ ከመጀመሪያው እየጀመረ ያስረዳልን።