በጋራዥ የሚገባበት ቤት

ኅዳር 4፣ ቅዳሜ። ወደ ማታ

…እና መስኮቱ በጋቢ ተወትፎ። ኩፍኝ። ስድስት ዓመቴ ይሆናል፣ ቢበዛ ሰባት። ኩፍኝ የያዘው ልጅ ብርሃን አይይ ተብሎ ቤቱ ጨልሟል። እኔ መደብ ላይ፣ እማዬ አጠገቤ። ግድግዳው ላይ ደግሞ… እዚህ ላይ ይቆማል። ሁልጊዜ እዚሁ ነው የሚቆመው። ግድግዳው ላይ የሆነ ነገር ነበር። እኔ በጣቴ ሳሳያት «ትኩሳቱ ነው፣ ተኛ» ያለችኝ ብቻ ትዝ ይለኛል።

ለምን ዛሬ መጣብኝ? ደብተሬ፣ አንተም አታውቅም።

ማስታወቂያው ዛሬ ተለጠፈ። ካዛንቺስ፣ በየአጥሩ። ለጣሊያን ሹማምንት ቤት ስለሚሠራ የእኛ ሠፈር ሐበሻ እስከ ወሩ መጨረሻ ይልቀቅ ይላል። አጥራችን ሥር ቆሜ ሳነበው ከዓይኔ በፊት ጣቶቼ አወቁት። ፊደሉን የለቀምኩት እኔ ነኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ማተሚያ ቤት፣ የእርሳስ ፊደል አንድ በአንድ፣ ሁሉም እንደ ልማዱ ተገልብጦ። ፊደል ለቃሚ አያነብም። ይለቅማል፣ ይደረድራል፣ ያስራል። የሠፈሬን ስም ደርድሬ፣ እጄን ታጥቤ፣ ምሳ በላሁ።

ለባለቤቴ ለአስካለ አልነገርኳትም።

ኅዳር 5፣ እሑድ። ከቀትር በኋላ

ቂርቆስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ አንድ የሚሸጥ ቤት አለ። ባለቤቱ ሙሴ ያኒ፣ ግሪክ፣ ዳቦ ጋጋሪ የነበረ። ወደ ጅቡቲ ሊሄድ ዕቃውን አስሯል። እማዬንና አስካለን ይዤ ሄድኩ።

ሦስት ክፍል። የጉድጓድ ውሃ። የማያፈስ ቆርቆሮ። ግን ጋራዡ።

እንዴት አድርጌ ልጻፈው። ከመንገድ ሲመጡ ቤቱ አይታይም። የሚታየው ጋራዥ ነው፣ ሁለት ሰው የሚከፍተው ሰፊ የብረት በር። በግራ ገደል፣ በቀኝ የጎረቤት ግንብ። በጋራዡ ውስጥ አልፈህ፣ ጥጉ ጋ ስትደርስ ወደ ቀኝ ትታጠፋለህ፣ ጠባብ በር፣ ከዚያ ሳሎን። ሌላ መግቢያ የለውም። ሙሴ ያኒ መጀመሪያ የሠራው ለመኪናው ነው። ቦታ ሲተርፈው ከኋላ ለራሱና ለሚስቱ ቀጠለበት። መኪናዋን አምና ወታደሮቹ ወሰዱበት። ወለሉ ላይ የዘይት እድፍ ቀርቷል። ዞሮ ያልፈዋል እንጂ አይረግጠውም።

አማርኛው ሁሉንም ሴት ያደርጋል። «አንቺ ግቢ፣ አትፍሪ» ይለኛል። እማዬ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። ከዚያ ጋራዡ መካከል ቆመች። ጥጉን አየች፣ ጠባቡን በር አየች፣ ሳቋ ጠፋ።

«ሙሴ፣ ሰው ሲሞት በየት ነው የሚወጣው?»

ማንም ሞቶ አያውቅም አላት።

«ገና ነዋ!»

እስከ ቤት ድረስ ይህንኑ ስታወራ መጣች። ቃሬዛ በዚያ ጥግ ይታጠፋል? ድንኳን የት ይተከላል? ለቀስተኛ ዘይት ላይ ይቀመጣል? እሷ ሰባ ሁለት ዓመት በፊት ለፊት በር ገብታ ወጥታ፣ በመጨረሻው በመኪና ቤት አትወጣም። አስካለ፣ ምን ቸኮሉ እማዬ፣ ብትላት፣ «እኔ መቼ ቸኮልኩ፣ የቸኮሉት እነሱ ናቸው» አለች፣ አጥሩ ላይ ወደተለጠፈው ወረቀት በአገጯ እያመለከተች።

ወረቀቱን ሳላይ ወደ ቤት ገባሁ።

ኅዳር 7፣ ማክሰኞ

ሌላ ቤት አጣሁ። ሰንጋ ተራ አንድ ክፍል፣ ከበረት ጋር የተያያዘ። ለገሃር አንድ፣ ሳየው ተከራየ። ያለው የያኒ ቤት ነው። እሱም እስከ ረቡዕ ሳምንት ብቻ።

አስካለ አዲስ ነገር ይዛ መጣች። ገበያ ያገኘቻት ሴት ጋራዥ ነበራት። አንድ ቀን ወታደሮች የበሩን ስፋት በእርምጃ ለኩ፣ በማግስቱ የጭነት መኪና አስገቡበት። «ሰፊ በር እኮ ራሱ ይጠራቸዋል» ትላለች አስካለ። የዚያች ሴት ጋራዥ ግን ከቤቷ የተለየ ነው። የእኛን ከወሰዱ ቤታችን የምንገባው በወታደር መካከል ነው። ለውሃ፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለሁሉም።

ስለዚህ እመዝናለሁ። የማያፈስ ጣሪያ በአንድ በኩል። የእማዬ ቃሬዛና የወታደር መኪና በሌላ በኩል። ሥራ ላይ ሆኜም እመዝናለሁ። ዛሬ አንድ መስመር ሁለት ጊዜ ደረደርኩ።

ኅዳር 9፣ ሐሙስ። ጧት 3 ሰዓት

የምጽፈው እዚሁ የያኒ ጓዳ ውስጥ ሆኜ ነው፣ ዱቄት ማስቀመጫ ሣጥን ላይ።

ጥጉን ልለካ ብቻዬን መጣሁ። ያኒ ቁልፉን ሰጥቶኝ ሄደ። በመንገዱ ወታደር ይመላለሳል፣ ሜትር ይዤ እንዳያዩኝ የብረቱን በር ከውስጥ ዘጋሁት። ድቅድቅ ጨለማ። ክብሪት ኪሴ ውስጥ ስፈልግ ዓይኔ ጨለማውን ለመደ።

ከዚያ ግድግዳው።

በኖራ የተቀባው የጀርባ ግድግዳ ላይ መንገዱ ነበር። ሙሉ መንገዱ። ማዶ ያለው የባሕር ዛፍ አጥር ወደ ታች ተንጠልጥሎ፣ አረንጓዴው ሳይቀር። ሰማዩ ወለሉ አጠገብ፣ ሰማያዊ። ሰዎች ራሳቸው ወደ ታች፣ እግራቸው ወደ ጣሪያው፣ ይሄዳሉ። አንዲት ሴት እንስራ አዝላ አለፈች፣ ውሃው አልፈሰሰም። አህያ። ቀይ ዣንጥላ። ምንም ድምፅ አይሰጥም፣ ድምፁ ከበሩ ውጭ ነው። ወደ ለገሃር የሚሄደው ወደ ሌላኛው ወገን ይሄዳል።

ተንበረከኩ።

በሩ ላይ አንድ ብሎን ወልቆ ቀዳዳው ቀርቷል፣ የሽምብራ ፍሬ የምታህል። ጣቴን ሳስገባባት ዓለም ጠፋ። ጣቴን ሳወጣ ተመለሰ። አጠፋሁት። መለስኩት። አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ። የጧት ፀሐይ ማዶውን ስለምትመታው ነው፣ ብርሃኑ በቀዳዳዋ ሾልኮ ይገለበጣል። ይህን ማወቄ ምንም አልቀነሰልኝም። ዕድሜዬን ሙሉ የተገለበጠ ነገር ሳነብ ኖሬ እንዲህ ያለ ገጽ አይቼ አላውቅም።

ደብተሬ፣ የልጅነቴ ግድግዳ ይኼ ነው። ትኩሳት አልነበረም፣ በጋቢው ክፍተት የሾለከ ብርሃን እንጂ።

ጥጉን ሳልለካ ቀረሁ።

ኅዳር 10፣ ዓርብ

አስካለን ይዤያት ሄድኩ፣ በሥራ ሰዓት፣ ታምሜአለሁ ብዬ። በሩን ስዘጋ «ምነው፣ ምን አሰብክ?» ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ አየች። እጄን ያዘች። የተገለበጠ የቆሎ ሻጭ አለፈ፣ የተገለበጠ ካህን አለፈ።

በጨለማው ነገርኳት። ማስታወቂያውን የለቀምኩት እኔ ነኝ አልኳት። እጄን አልለቀቀችም፣ አላጠበቀችውምም። አንተ ባትለቅመው ሌላው ይለቅመው ነበር አለች። ቆይታ ደግሞ፣ «ግን ብታነበው ሁለት ሳምንት እናገኝ ነበር።» እውነቷን ነው። ሁለት ሳምንት።

ስንወጣ መላ አመጣች፣ የአናጢ ልጅ ናት። የብረቱን በር እናውጣው። በግንብ እንድፈነው፣ ሰው ብቻ የሚያስገባ አንድ በር እንተው። መኪና የማይገባበትን ማን ይመኛል? ጋራዥነቱ ያበቃል። ወታደርም ያልፈዋል።

ቀዳዳዋስ አልኩ።

አንተ ስለ ቀዳዳ ታስባለህ አለችኝ። ግን ዞር ብላ አየቻት።

ለእማዬ ማታውኑ ነገርኳት። እንዝርቷን አቆመች። ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው አለች። መንገደኞች ናቸው፣ ተገልብጠው ይታያሉ አልኩ። ፊቷ ተለዋወጠ። ራቷን ሳትበላ ተኛች።

ኅዳር 12፣ እሑድ

እማዬ የነፍስ አባቷን ላከችብኝ። አባ ወልዴን። ከሚካኤል ንግሥ መልስ፣ ደክሟቸው፣ ጠበል በጠርሙስ ይዘው። ልጄ የሚያየው ከማን ነው፣ አጣሩልኝ ብላቸዋለች። ከጋራዡ በር ላይ ፊታቸውን አማተቡና ገቡ። ፀሐይዋ ወደ አናት እየወጣች ስለሆነ ምስሉ ፈዝዟል። ቢሆንም ይታያል።

ግድግዳውን ጠበል ረጩት። መንገዱ ረጠበ እንጂ አልጠፋም። ቀረብ ብለው አንዱን መንገደኛ በመስቀላቸው ነኩት፣ መንገደኛው በመስቀሉ ላይ አለፈ። አባ ወልዴ ወደ ኋላ አሉ። ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «እስቲ አንተ ዣንጥላዬን ይዘህ ውጣና እለፍ» አሉኝ። ወጣሁ፣ አለፍኩ፣ ገባሁ። እንደ ልጅ እየሳቁ ጠበቁኝ። «ዣንጥላው እንደ ጽዋ ሆነ!» እንደገና አስወጡኝ። ሦስተኛ ጊዜ ላይ፣ አባ፣ እግሬን ገደሉት፣ አልኳቸው።

ለእማዬ የነገሯት፣ «ጋኔን የለም፣ ፀሐይ ናት። እኔ እዚያ ቆሜ ማኅሌት የቆምኩ ያህል ነው የተሰማኝ።» ይህን ሲሉ ድምፃቸው ተለወጠ።

እማዬ «እንግዲህ እኔ ራሴ ልየዋ» አለች። ለረቡዕ። የቂርቆስ ቀን ነው። ያኒም የሚጠብቀኝ እስከዚያው ነው።

ኅዳር 15፣ ረቡዕ። ጧት

ጾም ገባ። ብርድ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ።

እማዬ ፈትል ጠቅልላ ይዛ መጣች። ትናንት የራሷን ቁመት በአስካለ አስለክታ፣ ከራሷ እስከ ተረከዟ ያስቆረጠችው ነው። ለስለት ጧፍ የሚለካበት ዓይነት። ለማን እንደምትሳልበት አልጠየቅኋትም። ጋራዡ ውስጥ አንዱን ጫፍ ለእኔ፣ ሌላውን ለአስካለ ሰጠች። ወጥራችሁ ያዙ፣ አሁን በጠባቡ በር አውጡኝ አለች። ፈትሉን እንደ ቃሬዛ ከሳሎን ይዘን ወጣን። ጥጉ ጋ አስካለ ቆመች፣ እኔ ዞርኩ። አለፈ።

«ስንዝር ይተርፈኛል» አለች እማዬ። «ተሸካሚዎቹ ካልሰከሩ።»

ለቀስተኛስ ብላት፣ ጣሪያ አለው፣ ድንኳን ምን ያደርጋል አለች፣ እድፉን ግን አመድ አድርጉበት። ግንቡን ስነግራት ተስማማች። ስለ ራሷ ሞት የተከራከረችው ሁሉ በአንድ ክር አለቀ። አስካለ ለያኒ ልትነግረው ወጣች።

«አሁን ዝጋው» አለችኝ እማዬ።

ዘጋሁት። ወደ ቂርቆስ የሚሄደው ሕዝብ በግድግዳው ላይ መጣ። ነጭ በነጭ፣ ነጠላው ሁሉ ወደ ላይ ተዘርግቶ፣ ጣሪያውን እየረገጠ፣ ማለቂያ የሌለው። ኖራው የሚፈስ መሰለኝ። በመካከላቸው አንድ የወታደር መኪና ጎማው ወደ ላይ ሆኖ አዘገመ። የሞተሩ ድምፅ ከውጭ፣ ከእውነተኛው ወገን መጣ። እኛ በር ላይ ቆመ። አንዱ ወረደ፣ ቀረበ፣ ገዘፈ፣ ቀዳዳዋን ጋረዳት። ጨለማ። እማዬ ትተነፍሳለች፣ እኔ አልተነፍስም። ብረቱን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። ከዚያ ብርሃኑ ተመለሰ፣ መኪናው ተንሸራቶ ከግድግዳው ወጣ፣ ነጩ ሕዝብ ገጠመ።

ነገ ግንበኛ። ነገውኑ።

እማዬ ግን ስለ ወታደሩ አልተናገረችም። እጇን ግድግዳው ላይ አደረገች፣ ሰዎቹ በጣቶቿ ላይ አለፉ።

«ያኔም አይቻቸዋለሁ» አለች።

ምን?

«ኩፍኝ የያዘህ ለት። አንተ ስታሳየኝ። ሊወስዱህ የመጡ መስሎኝ ነው። ቁመትህን በፈትል ለክቼ ለቂርቆስ የተሳልኩት ያኔ ነው።»

ትኩሳት ነው ብለሽኝ ነበር አልኩ። ድምፄ የልጅ ሆነብኝ።

«ምን ልበልህ ታዲያ?»

ቤቱን ግዛው አለችኝ። ግንበኛው ሲመጣ ቀዳዳዋን እንዳይደፍናት፣ በግንቡም ላይ ይተዋት። እሷ ጧት ጧት እዚህ ትቀመጣለች። ከዚያ ፈትሉን በጣቷ ጠቀለለችና በብብቷ ያዘችው።

«በል አሁን ውጣ። እንደ ማንም ሰው እለፍ። ልይህ።»

ብቻሽን ትሆኛለሽ አልኳት።

«ውጣ አልኩህ እኮ።»

ወጣሁ። በሩን ዘጋሁት።